መርከቡ ይወረሳል፣ እውቀቱስ?

እኛ አገር «የቤተሰብ ድርጅት» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ችሎት ነው። አባት ይለፋል፣ አባት ያርፋል፣ በአርባው ማግስት ልጆች ጠበቃ ይይዛሉ። የከባድ መኪናው ሊብሬ፣ የመጋዘኑ ካርታ፣ የባንክ ደብተሩ ሁሉ ዳኛ ፊት ይቀርባል። አባት በሠላሳ ዓመት ያቆመውን ልጆች በቀጠሮ ብዛት ያፈርሱታል።

ዛሬ የማነሳላችሁ የመርከብና የንግድ ቤትም ቢሆን ፈርሷል። መርከቦቹ የሉም፣ መጋዘኖቹም እጅ ቀይረዋል። ያፈረሱት ግን የተጣሉ ወንድማማቾች ሳይሆኑ መንግሥት ነው። ደግሞም ባለቤቱ ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ቢሆነውም ገንዘቡ እስከ ዛሬ ሰው ያስተምራል። ነገሩ እኛንም ይመለከታል፤ የዚያ ሀብት አንዱ ምንጭ የሐረር ቡናና የገበሬያችን የከብት ቆዳ ነበርና። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ሰውየው አንቶናን ቤስ ይባላል። በ1877 ደቡብ ፈረንሳይ፣ ካርካሶን ከተማ ተወለደ። በ1899 የየመኗ ኤደን ወደብ ሲደርስ ባለሀብት አልነበረም፣ የሦስት ዓመት ውል ያለው ተቀጣሪ እንጂ። ቀጣሪው ባርዴ የሚባል የፈረንሳይ ንግድ ቤት ነው። አዎ፣ ገጣሚውን አርተር ራምቦን በ1880 ቀጥሮ ወደ ሐረር የላከው ያው ባርዴ! ራምቦ ሐረር ላይ ቡናና ቆዳ ሲገዛ የኖረው ለዚህ ቤት ነበር። ቤስ ግን ግጥም አልጻፈም። ሥራውን ተማረና ውሉ ሲያልቅ የራሱን ቤት ከፈተ።

ኤደን ያኔ በእንግሊዝ እጅ ነበረች። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ በአውሮፓና በሕንድ መካከል የሚመላለስ መርከብ ሁሉ እዚያ ጎራ ይላል። ቤስ ያየው ግን ትልልቆቹ መርከቦች የማይደርሱባቸውን ትንንሽ ወደቦች ነው። ከቀይ ባሕር ግራና ቀኝ፣ ከጅቡቲ እስከ በርበራ፣ ከበርበራ እስከ ሆዴይዳ ያለውን ዕቃ ሰብስቦ ኤደን ላይ ለትልቁ መርከብ ማስረከብ! ቆዳና ቡና ወደዚያ ይሄዳል፣ ጨርቅ፣ ስኳርና ነጭ ጋዝ ወደዚህ ይመጣል። አዲስ አበባ ቅርንጫፍ ከፈተ። የሼል ነዳጅ ወኪል ሆነ። ሐላል የሚባል የራሱን የመርከብ ኩባንያም አቋቋመ። ዛሬ «ሎጂስቲክስ» ብለን በየስብሰባው የምንፈላሰፍበት ነገር ይኸው ነው፤ ገዢውም፣ ጫኙም፣ አጓዡም፣ ሻጩም አንድ ቤት ሲሆን።

የዋህ ሰው እንዳይመስላችሁ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ በ1930 የአጼ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ መጫን ለመዘገብ መጥቶ ሲመለስ ኤደን ላይ አግኝቶታል። በ1931 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ «ሙሴ ለብላን» የሚል ስም ሰጥቶ የሣለው ቤስን ነው። እንግዳውን «ትንሽ እንንሸራሸር» ብሎ በዚያ ሙቀት ገደል የሚያስወጣ፣ ትርፍና ኪሣራን እንደ ጨዋታ የሚያይ፣ ዕረፍት የማያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አለቃ ሥር መሥራት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቤስ በ1948፣ ገና በሕይወት ሳለ፣ ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ። ገሚሱ ሳይሆን አብዛኛው አዲስ ኮሌጅ ማቋቋሚያ ሆነ፣ ቀሪው ደግሞ አቅም ላነሳቸው ነባር ኮሌጆች ተከፋፈለ። አዲሱ ኮሌጅ ሴንት አንተኒስ ይባላል። በ1950 ተማሪዎችን ተቀብሎ ሥራ ጀመረ። ቤስ በ1951 ሞተ። ኮሌጁ ዛሬ ስለ አፍሪካ፣ ስለ መካከለኛው ምሥራቅ፣ ስለ ሩሲያ በሚደረግ ጥናት ስሙ የታወቀ ነው። ስሙ ራሱ የመሥራቹን ስም የሚያስታውስ ነው፤ ግን የትኛው ቅዱስ እንደሆነ ለዓመታት አልለየም ነበር። በ1961 ተወሰነ፤ የግብጹ አባ እንጦንስ ሆነ። ሀብቱን በትኖ በረሃ የገባው የእኛው አባ እንጦንስ! ለአንድ ነጋዴ ከዚህ የበለጠ ምጸት ከየት ይመጣል?

ከዚያ በኋላ ድርጅቱን ልጆቹ ያዙት። ዘመኑ ግን አልያዘላቸውም። በ1967 የስዊዝ ቦይ በጦርነት ተዘጋ፣ የኤደን ወደብ ጭር አለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር እንግሊዝ ኤደንን ለቀቀች። በ1969 የደቡብ የመን መንግሥት ባንኩን፣ መድኑንና ትልልቁን የንግድ ቤት ሲወርስ የቤስ ድርጅት ከተወረሱት አንዱ ነበር። እዚህም በ1975 (በእኛ 1967 ዓ.ም.) ደርግ ትልልቅ የግል ድርጅቶችን በአዋጅ ወረሰ።

እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራ። ለሰባ ዓመት ያህል ከተከማቸው ሀብት ያልተወረሰው የቱ ነው?

አንዱ ኮሌጁ ነው። ሁለተኛው ዌልስ ውስጥ ነው፤ ልጁና ሞክሼው፣ ትንሹ አንቶናን ቤስ፣ ሴንት ዶናትስ የተባለውን ጥንታዊ ግንብ ገዝቶ ለትምህርት ሰጠ። በ1962 እዚያ የተከፈተው አትላንቲክ ኮሌጅ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ወጣቶችን አብሮ የሚያስተምር ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ አገር ላሉት የዩናይትድ ወርልድ ኮሌጆች በኩር ነው። ሦስተኛውን ቤተሰቡም አላሰበውም። በ1950ዎቹ ኤደን ላይ በቤስ ድርጅት የሚሠራ አንድ የጉጅራት ልጅ ነበር፣ ዲሩባይ አምባኒ የሚባል። ንግድ የተማረው እዚያ ነው። በ1958 ወደ ሕንድ ተመልሶ የጀመረው ሥራ ዛሬ ሪላያንስ ይባላል፤ ከሕንድ ግዙፍ ኩባንያዎች አንዱ ነው። (እሱ በ2002 ኑዛዜ ሳይተው ሞተና ሁለት ልጆቹ በ2005 ድርጅቱን ለሁለት እስኪከፍሉ ድረስ ተጣሉ። ችሎትና ጠበቃ የእኛ ብቻ አይደለም።)

አያችሁ? መርከቡ ተወረሰ፣ መጋዘኑ ተወረሰ። በሰው ጭንቅላት ውስጥ የገባውን ግን አንድም አዋጅ አልነካውም።

«ቆይ እንጂ፣ ቡናው የእኛ፣ ቆዳው የእኛ፣ ኮሌጁ የእንግሊዝ! ይሄን ነው የምታደንቀው?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ያንገበግባል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? ቡናውን የለቀመው ገበሬ ልጅ ስለ አገሩ ሊማር ኦክስፎርድ መሄድ ሊኖርበት ነው ማለት ነው። ግን ቤስን እዚህ ኮሌጅ አልከፈትክም ብሎ ከመውቀስ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ። የእኛዎቹስ? በጅቡቲ መንገድ ከብረዋል የምንላቸው የትራንዚትና የጭነት ባለሀብቶች ሀብታቸውን የት ነው የሚያስቀምጡት? ፎቅ ላይ። ፎቅ ደግሞ፣ አባቶቻችን እንዳዩት፣ በአንድ አዋጅ ይሄዳል። ከአዋጅ ቢተርፍ እንኳ ከወራሾች ጠብ አይተርፍም።

የቤስን ያህል ስጡ አላልኩም። ባሕር የሌላት አገራችን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የመርከብ ባለሙያ ታሠለጥናለች። ሃያ ተሳቢ ያለው ሰው የአንድ ድኃ ልጅ የሥልጠና ወጪ መሸፈን ያቅተዋል? አሥር ትራንዚተር የሚያሠራ ቢሮ በየዓመቱ ሁለት ጀማሪ ተቀብሎ የጉምሩክ ሰነድ ከሀ እስከ ፐ ቢያስተምር ምን ይጎድልበታል? ሥራውን እንደ ምሥጢር ደብቆ ይዞት የሚሞት ነጋዴ ለልጆቹም የሚያወርሰው ብረት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። ቤስ የሰጠው አልጋ ላይ ሆኖ በኑዛዜ አይደለም፤ ቆሞ እየሄደ፣ በወረቀት አስሮ፣ ገንዘቡ ምን እንደሚሠራ ወስኖ ነው። ለትምህርት የሰጠው ስለዚህ የመውረስ ሕግም የወራሽ ጠበቃም አልደረሰበትም። የእኛ አባቶች ግን ስለ ኑዛዜ ሲነሳባቸው «ሞቴን ትመኛለህ?» ይላሉ። ይህን ቃል ቤት ውስጥ ደፍሮ ማንሳት ያለበት የእኛ ትውልድ ነው። በግቢው የቆመው መኪና ለማን እንደሚሆን ብቻ ሳይሆን፣ አባታችን የሚያውቀውን ሥራ ከእሱ በኋላ ማን እንደሚያውቀው ጭምር ዛሬውኑ እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።