በሩ ክፍት፣ ካርታው ዝግ፦ ነጻው የዲጂታል ምዝገባና የክልል ከተሞች ገበያ

ባሕር ዳር፦ በፎገራ ሜዳ የበጋ መስኖ ሲጀመር ከማለዳ እስከ ማታ የውኃ መሳቢያ ሞተር ድምፅ ይሰማል። ከርብና ከጉማራ ወንዞች ውኃ እየሳቡ ሽንኩርት የሚያለሙ አርሶ አደሮች ሞተሩ በቆመ ቁጥር ሥጋት ላይ ይወድቃሉ። የሽንኩርት ሥር ወደ መሬት ብዙም ዘልቆ የሚገባ ባለመኾኑ አፈሩ ሲደርቅ ሰብሉ ቶሎ ይጎዳል። ሞተሩ በተበላሸበት ዕለት ታዲያ ከመለዋወጫው ዋጋ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ መለዋወጫው የት ይገኛል? ጠጋኙስ ዛሬ ሥራ ላይ ነው?

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሰው በሰው ነው። አርሶ አደሩ ወረታ ወይም ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፤ ካልቀናው ደላላ መሐል ይገባል። የሚፈልገው ዕቃ ግን ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሊኾን ይችላል። ሻጭ ገዥ አጥቶ፣ ገዥም ሻጭ አጥቶ በአንድ ከተማ ይውላሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል ወደ ትናንሽ ሱቆች ሳይቀር ገብቷል። የሚከፈለውን ነጋዴ በስልክ ፈልጎ ማግኘት ግን ያን ያህል አልተለመደም።

ለዚህ የሚኾን መሣሪያ ጠፍቶ አይደለም። ጎግል የንግድ ቤቶች በካርታውና በመፈለጊያ ገጹ ላይ ያለ ክፍያ የሚመዘገቡበትን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2014 «ጎግል ማይ ቢዝነስ» በሚል ስም አስተዋውቋል፤ በ2021 ደግሞ «ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል» ብሎ ሰይሞታል። በከተሞቻችን ብዙ ነጋዴዎች ለማስታወቂያ የሚጠቀሙበት የቴሌግራም ቻናል ጥቅሙ የታወቀ ቢኾንም፣ የሚደርሰው በዋናነት ነጋዴውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ደንበኛ ነው። የካርታ ምዝገባ የሚያመጣው ሰው ሌላ ነው፤ የሱቁን ስም ሰምቶ የማያውቅ፣ ነገር ግን ዕቃውን ዛሬውኑ የሚፈልግ ሰው ነው። ለጥገና ቤት፣ ለእንስሳት መድኃኒት መሸጫና ለማደሪያ ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ፍለጋው ውጤት የሚደረድረው በሦስት ነገሮች ነው፤ የተፈለገው ነገር ከተመዘገበው ሥራ ጋር ባለው ዝምድና፣ በፈላጊውና በሱቁ መካከል ባለው ርቀት፣ እንዲሁም ሱቁ በበይነ መረብ ባለው ታዋቂነት። ለመጀመሪያው ቦታ የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ተከፍሎባቸው የሚወጡ ማስታወቂያዎችም ማስታወቂያ መኾናቸው ተገልጾ ለብቻቸው ይታያሉ። ይሁንና የሱቁ ስም «እና ልጆቹ» በሚል ብቻ ከተጻፈና የሥራው ዓይነት በተሳሳተ ምድብ ከገባ፣ «የውኃ ፓምፕ ጥገና» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። በአማርኛ ችግሩ ይጠናል፤ አንዱ «ውኃ»፣ ሌላው «ውሃ» ብሎ ይጽፋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ የከተማው ስም እንኳን ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። የሥራውን ዓይነት ሰው በተለምዶ በሚጠራበት ቃል በመግለጫው ላይ መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን የሰዓት ስሕተት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከፍቶ ከምሽቱ 12 ሰዓት የሚዘጋ ነጋዴ በቅጹ ላይ ከ2 እስከ 12 ብሎ ቢሞላ፣ ሥርዓቱ የሚቆጥረው በእኛ አቆጣጠር ስላልኾነ ሱቁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ ቀን 6 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ኾኖ ይታያል። ከሰዓት በኋላ የሚፈልገው ገበያተኛ «ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ያነባል፤ ወደ ሌላም ይሄዳል። ባለሱቁ በሩን ከፍቶ ተቀምጦ ደንበኛው ለምን እንደቀረ አያውቅም። ትክክለኛው አሞላል ከ8 እስከ 18 ሰዓት የሚለው ነው።

አድራሻም ሌላው ፈተና ነው። በከተሞቻችን ቤት የሚጠቆመው «ከባንኩ ፊት ለፊት»፣ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ» እየተባለ ስለኾነ የመንገድ ስምና ቁጥር የሚጠይቅ ቅጽ ግራ ያጋባል። መፍትሔው የካርታውን ምልክት በሱቁ በር ላይ በትክክል ማሳረፍ ነው። «ፕላስ ኮድ» የተሰኘው ከኬክሮስና ከኬንትሮስ የሚወጣ አጭር መለያም የመንገድ ስም ለሌለው ቦታ አድራሻ ኾኖ ያገለግላል፤ በቴሌግራምም ኾነ በአጭር የጽሑፍ መልዕክት ይላካል።

ባለቤትነትን ማረጋገጥ ቀድሞ በብዙ አገር በፖስታ በሚላክ ካርድ የሚፈጸም ነበር። ደብዳቤ ወደ ፖስታ ሳጥን እንጂ ወደ በር በማይመጣበት አገር ይህ መንገድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ግልጽ ነው። አሁን አካባቢውን፣ የሱቁን ስም የያዘውን ሰሌዳና የሥራ ዕቃዎችን በስልክ ቀርጾ በመላክም ማረጋገጥ ይቻላል። ማረጋገጡ ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም። አንድን ሱቅ በካርታው ላይ ማንኛውም መንገደኛ ሊያስገባው ስለሚችል፣ ባለቤቱ ሳያውቅ በተሳሳተ ስልክ የተመዘገበ ቤት ሊኖር ይችላል። ባለቤቱ እስካልተረከበው ድረስ ስሕተቱን ተከታትሎ የሚያርም የለም።

ነጻ ነገር አጭበርባሪም ይስባል። «ከጎግል ነው የምንደውለው፤ ስምዎን እናስመዝግብ፣ ይክፈሉ» የሚል ጥሪ ከመጣ ማታለያ ነው። በስልክ የተላከን የማረጋገጫ ቁጥር ለሌላ ሰው መንገርም ምዝገባውን አሳልፎ እንደመስጠት ነው። ለመልካም አስተያየት ገንዘብ ወይም ቅናሽ መስጠት በአገልግሎቱ ደንብ የተከለከለ ነው። መታየት ግብር ያስጨምራል የሚል ሥጋት ያለው ነጋዴም ቢኖር አይደንቅም፤ በ2009 ዓ.ም የቀን ገቢ ግምት ያስነሣው ቅሬታ የሚረሳ አይደለም። ይሁን እንጂ ምዝገባው ስም፣ ስልክና ሰዓት እንጂ የቀን ሽያጭ አይጠይቅም፤ የሚያሳየውም በር ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ብዙም የራቀ አይደለም።

እዚህ ላይ የከተሞች ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ ሊታሰብ ይገባል። ነጋዴው በየዓመቱ ፈቃድ ለማደስ ሲቀርብ ስሙ፣ የሥራ ዘርፉና አድራሻው በእጃቸው ነው። በዚያው ወንበር ላይ ስልኩን አውጥቶ ምዝገባውን እንዲያርም የሚያግዝ አንድ ወጣት ባለሙያ መመደብ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ወይም ዘመናዊ ስልክ በሌለበት ቀበሌ ያለው አርሶ አደር ካርታውን ራሱ ላይከፍት ይችላል። ከተማ ያለ ልጁ ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ፈልጎ ስልክ ቁጥሩን ቢነግረው ግን በተራ ስልክ ይደውላል። በ2006 ዓ.ም የተጀመረው የ8028 ነጻ የግብርና መረጃ መስመር በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች መረጃ ሲያደርስ የቆየው በዚሁ ተራ ስልክ ነው። የሞተር ጠጋኙም ከምዝገባው ሁሉ አስቀድሞ ሊያጣራ የሚገባው ስልክ ቁጥሩን ነው፤ ሲም ካርድ በቀየረ ዕለት ካላረመው፣ ከፎገራ የሚደወለው ጥሪ ስለ ፓምፕ ምንም ለማያውቅ ሰው ይደርሳል።