በእግር የሚሰጥ መልስ
የሠራተኛን የሥራ ፍላጎት በመጠይቅ እንለካለን የሚሉ መሥሪያ ቤቶች በዝተዋል። ቅጹን የሚበትነው ራሱ የሰው ሀብት ክፍሉ ነው፤ «ስም መጻፍ አያስፈልግም» ይልና ዝቅ ብሎ የሥራ ክፍል፣ ጾታ፣ የአገልግሎት ዘመን ይጠይቃል። ሦስት ሰው ባለበት ክፍል ይህ ስም ከመጻፍ በምን ይለያል? ሠራተኛውም ሞኝ አይደለም፤ «በጣም እስማማለሁ» የሚለውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ራይት እያደረገ ወርዶ ወደ ሻዩ ይሄዳል። እውነተኛውን መልስ የሚሰጠው በእግሩ ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በ5 የኢትዮጵያ ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተቀጠሩት ውስጥ ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ የማያንሱት ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለቀው ነበር። አሠሪዎች ይህን ሲያዩ «ሥራ የማይወድ ትውልድ» ይላሉ፤ እኔ አይዋጥልኝም። ሠራተኛው ሊለቅ ክሊራንስ ሲያዞር ንብረት ክፍሉ ኮምፒውተሩን፣ ጥበቃው መታወቂያውን ይጠይቀዋል፤ ለምን እንደሚሄድ ግን የሚጠይቀው የለም (ቢጠየቅም «የግል ጉዳይ» ብሎ ነው የሚያልፈው፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ገና አልተፈረመማ!)። አለቃው መጠይቁን ትቶ ሰዎቹን በየተራ ለብቻቸው ቢያነጋግር፣ ከሰማውም አንዱን፣ የዘገየ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ይሁን ሰፈር ዘሎ የሚያልፍ ሰርቪስ፣ እስከሚቀጥለው ወር አስተካክሎ ቢያሳይ፣ ሁለተኛውን ችግር ሳይጠይቅ ይነግሩታል።