ገበያተኛዋም መልስ አላት





እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ቲያትር የምንሠራው ቃሉን ሁሉ በቃላችን አጥንተን ነበር። የዛሬ ተማሪዎች ግን ያለ ጽሑፍ፥ ተመልካች በሰጣቸው አሳብ ጨዋታውን እዚያው ይፈጥራሉ፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በቅርቡ በከተማችን በአንድ ትምህርት ቤት ያየሁት ነገር አሳስቦኛል። ተዋንያኑ በአዳራሽ ሲጫወቱ ሁለት ተማሪዎች የእጅ ስልክ ይዘው ገበያ ወጡና ሥዕሉን በቀጥታ በነጭ ጨርቅ ላይ አሳዩን። አንዲት ቆጮ ሻጭ በዋጋ ስትከራከር ታየች፤ ተዋንያኑም እሷን መስለው ያላለችውን ይናገሩላት ጀመር። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። በማግሥቱ ግን ልጅዋን በክፍሌ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ሰው ይነካል። የተነካው ሰው ግን እዚያው ተቀምጧልና በተራው ስንኝ ሰጥቶ ብድሩን ይመልሳል። ቆጮ ሻጭዋ ግን መታየቷንም አላወቀችም።

በውጭ አገርም እ.ኤ.አ. በ2003 ጎብ ስኳድ የተባለው ጓድ «ሱፐር ናይት ሾት» በተባለው ሥራው ይህንኑ መንገድ ሞክሯል። አራት ተዋንያን ካሜራ ይዘው ከተማ ይወጡና አንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ ቀርጸው፥ ተመልሰው ሳይቆርጡ በአራት መጋረጃ ላይ ያሳያሉ። አላፊ አግዳሚውን ግን ፊት ለፊት አነጋግረው የጨዋታው ተካፋይ ያደርጉታል እንጂ ተደብቀው አይሰርቁትም።

ስለዚህ ካሜራው ይቅር አልልም። ስልክ ያዡ ተማሪ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ እምቢ ያለውን ይለፍ፤ እሺ ያለው ደግሞ የአዳራሹን ድምፅ በስልኩ ሰምቶ ይመልስ። ሥዕልና ድምፅ ዘግይቶ ቢደርስም ተዋናዩ መልሱን ታግሦ መጠበቅን ይማር፤ የዚህ ቲያትር ዋና ትምህርቱ መስማት ነውና።

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ በትምህርትና በባህል መሥሪያ ቤቶች የምታገለግሉ ወገኖቼ፥ ይህን ሥርዓት ለትምህርት ቤት የቲያትር ክበቦች እንድታወጡላቸው አደራ እላለሁ። ያን ጊዜ ቆጮ ሻጭዋ ከተዋንያኑ ሁሉ በልጣ ብትገኝ እኔን አይደንቀኝም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከወልቂጤ