ዓይናችሁን ስታዞሩ ያማችኋል?

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች “ዶክተር፣ ዓይኔ ቀልቷል፣ የትኛውን ጠብታ ልግዛ?” የሚለውን የሚያህል የለም። ብዙ ጊዜ ፎቶም አብሮ ይላካል። እኔ ግን ከፎቶው ይልቅ የምፈልገው የአንድ ጥያቄ መልስ ነው፦ ዓይናችሁን ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ስታዞሩ ያማችኋል?

ለምን መሰላችሁ? እያንዳንዱን ዓይን የሚያዞሩት ስድስት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። አራቱ ቀጥ ያሉ፣ ሁለቱ ሰያፍ። እነዚህም እንደ ማንኛውም ጡንቻ ተቆጥተው ሊያብጡ ይችላሉ፤ ሐኪሞች ኦርቢታል ማዮሳይቲስ እንለዋለን። ብዙ ጊዜ መነሻው አይታወቅም፤ አንዳንዴ ግን የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል ሲያጠቃ ይመጣል።

ተራው የዓይን ማዝ ይቆረቁራል፣ ያስለቅሳል፣ ጠዋት በአይናር ያጣብቃል። ዓይን ሲዞር ግን አያምም። የጡንቻ መቆጣት ሕመሙ ጠለቅ ያለ ነው፣ ከዓይን ኋላ የሚመጣ። በቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይን። ቆቡ ያብጣል፣ ቅላቱም ወደ አንድ ጥግ ሊያደላ ይችላል። አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ሊታያችሁም ይችላል። ያኔ አንዱን ዓይን ሸፍኑ፤ ድርብ ምስሉ ከጠፋ፣ ሁለቱ ዓይኖች አብረው እየዞሩ አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ አቋሜን ልናገር፦ እንደ ዴክሳሜታሶን ያለ ስቴሮይድ የያዘ የዓይን ጠብታ ያለ ምርመራ መሸጥም መግዛትም የለበትም። “ወረፋው ረጅም ነው፣ የዓይን ሐኪምም በየከተማው የለም” ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ አልከራከርም። ግን ጠብታው ከዓይን ኋላ ያለውን ጡንቻ በበቂ አያገኘውም። በራስ ፈቃድ ለሳምንታት ሲወሰድ ደግሞ የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ የዓይን ሞራም ሊያመጣ ይችላል። “ስታዞረው ያምሃል?” ብሎ መጠየቅ ግን ከመድኃኒት ቤት ባለሙያው አሥር ሰከንድ አይወስድም፣ ገንዘብም አያስወጣም። (ምች ነው ብላችሁ ዳማከሴ ዓይን ውስጥ የምትጨምቁም፣ እባካችሁ ተዉት።)

የሚገርመው፣ የዚህ በሽታ ዋና ሕክምናም ስቴሮይድ ነው፤ ግን የሚዋጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሬድኒሶሎን። ሕመሙ በሁለት ሦስት ቀን ሊለቅ ይችላል። ታዲያ “ካወቅነው ለምን ራሳችን አንጀምርም?” የሚል አይጠፋም። ምክንያቱም ከሳይነስ ወደ ዓይን ጀርባ የተዛመተ ኢንፌክሽንም ተመሳሳይ ሕመም፣ እብጠትና ቅላት ያመጣል፤ እሱን በስቴሮይድ ማከም እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። ስኳርም ያሻቅባል፣ የተደበቀ ቲቢም ሊቀሰቀስ ይችላል።

ሌላው የሚያምታታው የታይሮይድ የዓይን በሽታ ነው። እሱም እነዚህኑ ጡንቻዎች ያሳብጣል፤ ግን ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ዓይን ይይዛል፣ ዓይንን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሕመሙም ቀለል ይላል። አንገት ላይ እንቅርት ሳይታይም ሊኖር ይችላል። ልብ የሚመታባችሁ፣ ያለ ምክንያት የምትከሱ ከሆነ ታይሮይዳችሁን ተመርመሩ። የምታጨሱ ደግሞ አቁሙ፤ ሲጋራ ይህን በሽታ በግልጽ ያባብሳል። ሁለቱን ለመለየት ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይረዳል፦ በታይሮይዱ ጡንቻው ሲወፍር ጅማቱ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፣ በማዮሳይቲስ ግን ጅማቱም አብሮ ሊወፍር ይችላል።

ትኩሳት ካለ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ ቀለም ከፈዘዘ ወይም ዓይኑ ወደ ውጭ ከወጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ልጅ ከሆነማ ጭራሽ እንዳታሳድሩት።

ክኒኑ ታዞላችሁ የጀመራችሁ ደግሞ ሕመሙ ስለለቀቃችሁ ብቻ በአራተኛው ቀን አታቁሙ። መጠኑ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው፤ ቶሎ ሲቋረጥ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። የሚቀጥለው ቅነሳ መቼና በስንት እንደሆነ ሐኪማችሁን በወረቀት አስጽፉት።