አዲስ ቴፕ ከመግዛት በፊት

በወላይታ ሶዶ ሥራ ከያዘ ብዙ ጊዜ ያልሆነው ወጣት፣ ከአልጋና ከብርድ ልብስ ቀጥሎ የሚመኘው ዕቃ ቢኖር ድምፁ የሚያስደስት ቴፕ ነው። ይህ ምኞት የሚነቀፍ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በመዝገብና በስብሰባ ሲደክም የዋለ ሰው ማታ ከቤቱ ገብቶ ጥሩ ዜማ ቢያዳምጥ አእምሮው ያርፋል፤ ተማሪውም እንደዚሁ ነው። የሚያሳዝነው ግን ቴፑ ማጉረምረም በጀመረ ወይም አንደኛው ስፒከር ዝም ባለ ዕለት፣ ባለቤቱ ሕመሙን ሳይመረምር ወደ ሱቅ መሮጡ ነው። አሮጌው ከአልጋ ሥር ይጣላል፤ በምትኩም በብድር ገንዘብ መብራቱ የሚብለጨለጭ ትልቅ ሣጥን ይገባል። ዕዳው ተከፍሎ ሳያልቅ ያው ማጉረምረም ተመልሶ ሲመጣ ጊዜ፣ ጥፋቱ ከመጀመሪያውም በሽቦው ወይም በሶኬቱ እንደ ነበረ ይታወቃል።

ስለዚህ ከኪስ በፊት ጆሮና እጅ ይሥሩ እላለሁ። አንደኛው ስፒከር ዝም ቢል፣ ቴፑን አጥፍቶ ስፒናውን ከሶኬት ነቅሎ፣ ከማጉያው ጀርባ የግራውን ስፒከር ሽቦ በቀኙ ቦታ፣ የቀኙንም በግራው ማስገባት ነው። እንደገና ሲከፈት ያው ስፒከር ዝም ካለ፣ በሽታው በራሱ በስፒከሩ ወይም በሽቦው ላይ ነው። ቀድሞ ይናገር የነበረው ዝም ብሎ ዝም ያለው ከተናገረ ግን፣ ስፒከሩ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ በማጉያው ወይም ከማጉያው በፊት ባለው መሣሪያ ይፈለግ። ይህ ምርመራ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ወደ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰውም ምን ሊያስጠግን እንደሚሄድ አውቆ ይሄዳል።

ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንጫጫ እንደ ሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የበጋው አቧራ ነው። ቴፑ ጠፍቶ ሳለ ቁልፉን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ይረዳል። የምግብ ዘይት የሚያንጠባጥቡበት አሉ፤ ይህ ግን አቧራውን ይበልጥ የሚያጣብቅ ነው። ሙዚቃ ሳይኖር ወፍራም «እምም» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ይህ በሴኮንድ 50 ጊዜ ከሚመላለሰው የኤሌክትሪክ ኃይላችን የሚመጣ ነው፤ ወይ የማገናኛው ገመድ ሽፋን ተበጥሷል፣ ወይ በውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች አርጅተዋል። ካፓሲተር ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ይቆያልና፣ ሣጥኑን መክፈት ለባለሙያ ይተው።

ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶ ዘፈኑ የሳሳ እንደ ሆነ ደግሞ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ በአንደኛው ስፒከር ላይ ተገላብጦ እንደ ሆነ ይታይ። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባልና እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። በአሮጌ ስፒከር ዙሪያ ያለው ስፖንጅም ከአሥራ አምስት ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ እየፈረሰ ይረግፋል፤ እርሱን ብቻ መለወጥ ሲቻል ስፒከሩን መጣል ከንቱ ብክነት ነው።

ስለ ኤሌክትሪክም አንድ ነገር ልጨምር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ ያለ ሲሆን፣ ኃይሉ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ይሁን እንጂ የግድቡ ትልቅነት በመጨረሻው ምሰሶና በቤቱ መካከል ያለውን ቀጭን ሽቦ አያወፍረውም። ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ከደበዘዘ ቴፑም ይራባል። መብራት በሄደ ጊዜ ስፒናውን መንቀል፣ ተመልሶም ጥቂት እስኪረጋ መጠበቅ፣ ቢቻልም ስታቢላይዘር ማስገባት ብዙ ዕቃ ያድናል። ከውጭ አገር የመጣ አሮጌ ዕቃ የሚገዛም ጀርባውን ያንብብ፤ የጃፓን ቤት 100፣ የአሜሪካ ቤት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ ግን 220።

ጀርባውን ማንበብ ለሌላም ይጠቅማል። ፊቱ ላይ 5,000 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ሣጥን፣ ጀርባው ላይ የሚበላው ኃይል 60 ዋት መሆኑ ተጽፎ ይገኛል። ሃምሳ ኪሎ በቆሎ አስፈጭቶ መቶ ኪሎ ዱቄት የሚቀበል ሰው የለም! እውነተኛው ዋት እንኳ ቢሆን በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ መድረስ አለበት። በአንጻሩ 84 ዴሲቤል የተባለውን ስፒከር 90 በተባለ መለወጥ፣ ማጉያውን በአራት እጥፍ እንደ ማሳደግ ይቆጠራል። እንግዲህ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ አስቀድሞ ለስፒከር ይውጣ፤ ማጉያው ይቆይ። በወርቅ የተለበጠ ውድ ገመድ ግን ለአንዲት ክፍል ቤት ፈጽሞ አያስፈልግም። ገንዘቡም በብድር አይሁን። ወላይታዎች ለጊፋታ በሬ ከብዙ ወር በፊት በማኅበር ሆነው ይቆጥቡ የለምን? ለቴፕም እንደዚሁ ማድረግ ይቻላል።

ከሁሉ የሚረክሰው ማሻሻያ ግን ቦታ ነው። ረጅሙ የወላይታ የሣር ቤት ድምፅን ውጦ ያለዝባል፤ የዛሬው ቆርቆሮና ሲሚንቶ ግን መልሶ ይወረውረዋል። ስፒከሮቹን ከመሬትና ከማዕዘን አውጥቶ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ማድረግ፣ በመካከላቸው ያለውንም ርቀት ከአዳማጩ ጋር ማስተካከል፣ በግድግዳው ላይ ወፍራም መጋረጃ መስቀል፣ ከላይ የጨርቅ ኮርኒስ መወጠር፣ ሌላ ቴፕ የተገዛ ያስመስላል። (ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማንኛውም ቴፕ ይሸነፋል፤ ያን ጊዜ መጽሐፍ ማንበብ ይሻላል።) ቦታው ሲስተካከል ድምፁን መጨመር አያስፈልግም፤ በአንድ ግቢ ለተከራዩ ጎረቤቶችም ዕረፍት ነው።

ከአልጋ ሥር የተጣለው አሮጌ ቴፕ ካሴት የሚያጫውት ከሆነ ነገሩ ከገንዘብም ያልፋል። ፊሊፕስ ካሴትን በ1955 ዓ.ም. በርሊን ላይ ለሕዝብ ካሳየ ወዲህ፣ የሠርግ ዘፈንና መዝሙር፣ የአያትም ድምፅ ሳይቀር በየቤቱ በካሴት ተቀድቷል። ከዚያ ካሴት በቀር ሌላ ቅጂ የሌለው ብዙ ነው። ማጫወቻው ከጠፋ ካሴቱ የፕላስቲክ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ልጅ አንድ ገመድ ከቴፑ ወደ ኮምፒዩተር ዘርግቶ የአያቱን ድምፅ በአንድ ቅዳሜ ሊገለብጥ ይችላል። ብቻ አስቀድሞ የቴፑን ራስ በአልኮልና በጥጥ ይጥረግ፤ የላላውንም ጎማ ያስለውጥ፤ ዘፋኙ እየተጎተተ የሚዘፍነው በዚያ ምክንያት ነው። ሙከራውም በማያሳዝን ካሴት ይሁን፤ ያልተጠገነ ቴፕ ካሴት ይበላልና።