ለዐውደ ዓመት የሚገዛ ርችት

በኢትዮጵያ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ የብርሃን ምሽት ነው። በየደጁ ችቦ ይበራል፤ ልጆችም እሳቱን ከበው ይዘፍናሉ። በከተሞች ደግሞ በችቦው ላይ ርችት ተጨምሯል። ይህ ልማድ ከአገሩ ርቆ የሚኖረውንም ሰው ይከተለዋል። በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሠፈር የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ለምሳሌ ያህል ይወሰድ። መስከረም 1 ቀን በኬንያ የሕዝብ በዓል አይደለም። ስለዚህ ወላጆች የአገራቸው ዐውደ ዓመት ለልጆቻቸው እንዲደምቅ ጥቂት ርችት ገዝተው በግቢያቸው ለመተኮስ ቢያስቡ ምኞታቸው የሚነቀፍ አይደለም። ሊታሰብበት የሚገባው የርችቱ አመራረጥ ነው።

ርችት ሊገዛ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋጋው፣ ቀጥሎም ስለ ድምቀቱ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ትክክል አይደለም። በመጀመሪያ መለካት ያለበት ኪስ ሳይሆን ግቢ ነው። መተኮሻ ስፍራ የሌለው ሰው ርችቱን በነጻ ቢያገኘው እንኳ ተወድዶበታል።

ርችት እንደ መጫወቻ ይታይ እንጂ መሠረቱ ባሩድ ነው። ቀለሙን የሚያገኘው ልዩ ልዩ የማዕድን ቅመሞች ሲጨመሩበት ነው፤ ባሪየም አረንጓዴ፣ ሶዲየም ቢጫ፣ ስትሮንሺየም ቀይ ብርሃን ይሰጣሉ። ሦስቱን የሰንደቅ ዓላማ ቀለማት በሰማይ ላይ ለማየት የሚጓጓ ሁሉ ያ ውበት የሚገኘው በብርቱ ሙቀት መሆኑን መዘንጋት የለበትም። ብዙዎች ጉዳት የለውም ብለው ለሕፃናት የሚያስጨብጡት፣ ብልጭታ የሚረጨው ቀጭን ዘንግ እንኳ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ መሆኑን የሚያውቅ ወላጅ ይህን ዘንግ በሕፃን እጅ ላይ አያኖርም።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ርችት እንደ አደገኛነቱ በአራት ደረጃ ይከፈላል። አንደኛው እጅግ አነስተኛ አደጋ ያለው ነው። ሁለተኛው ከቤት ውጭ በተወሰነ ስፍራ፣ ሦስተኛው በሰፊ ሜዳ ላይ የሚተኮስ ነው። አራተኛው በሙያው ለሠለጠኑ ሰዎች ብቻ የተፈቀደ ነው። የዚህ አከፋፈል ትርጉም ግልጽ ነው፤ ርችት ከስፍራው ጋር መመጣጠን አለበት ማለት ነው። ሳውዝ ሲ ደግሞ ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩበት ሠፈር ነው። በአቅራቢያው ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚነሡበትና የሚያርፉበት የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ከሠፈሩ ብዙም ሳይርቅ በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው፣ አንበሳና አውራሪስ የሚኖሩበት የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ ወደ ሰማይ የሚወነጨፍ ርችት የገዛ ሰው የሚተኩሰው በራሱ ግቢ ቢሆንም የሚያስደነግጠው ሌላውን ነው።

ከሁሉ በላይ ጎረቤት አለ። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. በናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው የቦምብ ፍንዳታ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። በከተማዪቱ ከጦርነት ሸሽተው የተጠለሉ የልዩ ልዩ አገር ሰዎችም ብዙ ናቸው። ለአንዱ የደስታ ድምፅ የሆነው ፍንዳታ ለሌላው የሞት ትዝታ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት መቼ እንደሚገባ የማያውቅ ጎረቤት በውድቅት ሌሊት ፍንዳታ ሲሰማ መደንገጡ አይቀርም።

ርካሽ መፈለግ የሚያስከትለውን ጉዳት ከብራዚል መማር ይቻላል። ጥር 19 ቀን 2005 ዓ.ም. በሳንታ ማሪያ ከተማ በአንድ የምሽት ክበብ ውስጥ፣ ሙዚቀኞች ለደጅ የተሠራ ርችት በአዳራሹ ውስጥ ለኮሱ። በምርመራ እንደታወቀው ይህን ዓይነት የመረጡት ለቤት ውስጥ ከተሠራው ይልቅ ዋጋው ስለሚያንስ ነበር። ብልጭታው የጣሪያውን የስፖንጅ ሽፋን አቀጣጠለ፤ ከዚያም በተነሣው አደጋ 242 ሰዎች አለቁ። ርችቱ የሚሠራበትን ስፍራ ሳያገናዝቡ ዋጋውን ብቻ ማየት ይህን ያህል ያስከፍላል።

በኬንያ ርችት የሚተዳደረው በፈንጂዎች ሕግ ነው። በመሆኑም ገዢው አስቀድሞ ስለ ፈቃድ መጠየቅ፣ ከመንገድ ዳር ሳይሆን ከሕጋዊ ነጋዴ መግዛት ይገባዋል። ማሸጊያው የተቀደደ፣ እርጥበት የነካው፣ የአጠቃቀም መመሪያ ያልተጻፈበት ዕቃ መገዛት የለበትም። ለጠባብ ግቢ የሚስማማው መሬት ላይ ተቀምጦ ብልጭታ የሚረጭና ድምፁ ዝቅ ያለ ዓይነት ነው። እርሱንም የሚለኩሰው አንድ አዋቂ ብቻ ይሁን፤ ውሃ የሞላ ባልዲ በአጠገቡ ይቀመጥ፤ ተለኩሶ ሳይፈነዳ ወደ ቀረ ርችት ማንም አይጠጋ። ለጎረቤትም አስቀድሞ ይነገር።

ርችት የሌለበት በዓል አይደምቅም የሚሉ ይኖራሉ። ትልቅ ርችት የሚወድ ቤተሰብ ግን ከሌሎች ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ አማካይነት ሰፊ ሜዳ ላይ ማስተኮስ ይችላል። ይህ ካልተቻለም አባቶች ያለ ርችት እንቁጣጣሽን ያደምቁት እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጥንቃቄው መጀመር ያለበት ክብሪት ሲጫር ሳይሆን ገንዘብ ከኪስ ሲወጣ ነው። የአንድ ልጅ ዓይን ከአንድ ምሽት ድምቀት ይበልጣል።