«የሣር ፈረስ ነው» ብሎ ግምት የለም

የፈረስ ውድድር ገማቾች የሚጽፉትን ሳነብ አንድ ነገር ያናድደኛል። ሣር ላይ ሲሮጥ የቆየ ፈረስ ወደ አፈር መም ሲዛወር፣ ገና ሳይሮጥ ይፈርዱበታል። «አባቱ የሣር ፈረስ ነበር፣ ተዉት።» በቃ፣ ትንተናው ይሄው ነው።

እስቲ ሲጋር የሚባለውን የአሜሪካ ፈረስ እንይ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አባቱ ፓላስ ሚውዚክ በ1984 እንግሊዝ ውስጥ ቻምፒዮን ስቴክስን ሣር ላይ አሸንፏል። ስለዚህ ልጁም የሣር ፈረስ ተባለ። በ1993 እኮ ገና በሁለተኛ ውድድሩ አፈር ላይ አሸንፎ ነበር! ግን ወደ ሣር ወሰዱት፤ 11 ጊዜ ሮጦ አንዴ ብቻ አሸነፈ። በ1994 ኦክቶበር ላይ አሰልጣኙ ቢል ሞት ኒውዮርክ ውስጥ ወደ አፈር መለሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጀመሪያውን የዱባይ ወርልድ ካፕ ጨምሮ 16 ውድድር በተከታታይ አሸነፈ።

የእናቱ አባት ደግሞ ማን መሰላችሁ? ሲያትል ስሉ፤ በ1977 የአሜሪካን ትሪፕል ክራውን ሳይሸነፍ የወሰደው፣ ያውም አፈር ላይ። ዘር እንቆጥራለን የሚሉት ሰዎች ግማሹን ብቻ ነበር የቆጠሩት።

ተቃራኒውም ያው ስንፍና ነው። አራዚ በ1991 ከፈረንሳይ መጥቶ፣ አፈር ረግጦ የማያውቅ ፈረስ፣ ቸርችል ዳውንስ ላይ ከኋላ ተነስቶ ሁሉንም እያለፈ አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት እዚያው መም ላይ፣ በኬንታኪ ደርቢ፣ ብዙ ገንዘብ ተጭኖበት 8ኛ ወጣ። አፈሩ ያው አፈር ነው። በመሃል ግን ሁለቱም ጉልበቶቹ ኦፕራሲዮን ተደርገዋል፣ ርቀቱም ረዝሟል። «አፈር ይችላል» የሚለው መልስ ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ ነበር።

አሃዙን እንዳለ መገልበጥም አያዋጣም። ሣር ላይ ብዙ ጊዜ ቀስ ብለው ይጀምሩና መጨረሻ ላይ ይከንፋሉ። አሜሪካ ውስጥ አፈር ላይ ግን ግብግቡ ከመነሻው ነው፤ ከኋላ የቀረ ፈረስ ከፊቱ የሚበተነውን አፈር እየዋጠ ነው የሚሮጠው። ያንን የሚጠላ ፈረስ አለ፣ ግድ የማይሰጠውም አለ። ይሄ በአባት ስም አይታወቅም፣ ሣር ላይ ባስመዘገበው ሰዓትም አይታወቅም።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው ክፍያውን ነው። መም የቀየረ ፈረስ ማለት ማንም የማያውቀው ፈረስ ነው። በአንድ ብር አንድ ብር የማይሞላ ትርፍ የሚከፍል ከሆነ፣ ገበያው የማያውቀውን እንደሚያውቅ እየሸጠላችሁ ነውና እለፉት። አሥር እጥፍ ከሆነና የእናቱን ወገን ሲያዩ እንደ ሲያትል ስሉ ያለ ስም ካለ፣ ያኔ እናውራ። ሲጋር አፈር ላይ እስኪመለስ 4 ዓመቱ ሆኖት ነበር፤ በ6 ዓመቱ ሩጫ አቆመ። ሣር ላይ ያሳለፋቸውን ወራት ማንም አልመለሰለትም፣ «የሣር ፈረስ ነው» ያሉትም እስከዛሬ ሌሎች ፈረሶችን እየገመቱ ነው።